ዛሪማ ላይ የወለቀ ካፖርት

ያ ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ከዚህ የተሻለ አጀማመር ባገኝ ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። የመጋቢት ፀሐይ ጎንደርን አግላታለች። እኔም እንደ ልማዴ ከቀትር በኋላ ወደ ታላቅ ወንድሜ ወደ ታከለ ቤት ሄድሁ። እሱ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ ጥላው እየሳበ፣ ባለቤቱ ብርቄ ደግሞ አጠገቡ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋቸው።

«ምትኩ፣ መድኃኒቱን ይዋጥ በለው» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ውጫለሁ በላት» አለ እሱ።

«አልዋጠም። ኪሱ ውስጥ ነው በለው።»

ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ግን በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። እንዲህ ሲሉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የልጅ ልጃቸው ሕሊና ከጓዳ ወጣች። ከተሞሸረች ገና ሳምንታት ናቸው፤ ከባሏ ጋር ባሕር ዳር ሄደው ጥቂት ቀን ሊያርፉ ነው። በአንድ እጇ ተረከዙ የረዘመ ጫማ፣ በሌላው የሚያብለጨልጭ የራት ልብስ አንጠልጥላለች።

«አባባ፣ የቱን ልውሰድ? ሻንጣው እንቢ አለኝ።»

«ባሕር ዳር ሰው እንደ ልቡ የሚሄድበት ከተማ ነው፤ ማን አጊጦ ይዞራል ብለሽ ነው?» አላት ታከለ። «አንድ ቀለል ያለ ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለማታ ሹራብ። ባልሽ ካፖርት እንዳይዝ ብቻ ተጠንቀቂ!»

ብርቄ ሳቀች፤ ሰፌዱ ጭኗ ላይ ተናወጠና ምስሩ ፈሰሰ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቱ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት አንዴ እኛን አንዴ ጫማዋን ታያለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ታከለ ከተኛበት ሳይነሣ ቀረ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ፤ አልሆነልኝም። መጀመሪያ ስለ ካፖርቱ መናገር አለብኝ።

ጣልያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኛለሁ። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ታከለ እንዲተካቸው ይመኙ ነበር፣ እሱ ግን ቅኔውን ትቶ አራዳ ካንድ የዐረብ ሱቅ ገባና አቡጀዲና ከፋይ እየለካ ይሸጥ ጀመር። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ብርቄን አገባ። ዳባት አካባቢ ካለ ገበሬ ቤት ሽማግሌ ተልኮ የመጣች ልጅ ናት። ከሠርጉ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ተያይተው አያውቁም።

እኔ ሚዜ ነበርሁ። በእኛ አገር ሚዜ ለሙሽራዪቱ ወንድም ማለት ነው፤ ከባሏ የምታፍረውን ነገር ለሚዜው ትናገራለች። ብርቄ ግን ለእኔም ብዙ አትናገርም ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ለታከለ አንዲት ቃል ተንፍሳለት አታውቅም። ዓይን አፋር ናት እያልን ሳምንታት አለፉ፤ በኋላ እናቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝና፣

«ልጅቱ ልቧ ዳባት ነው» አለችኝ። «ለምላሽ አባቷ ቤት ከሄደች የምትመለስ አይመስለኝም። ወንድምህ ደግሞ… አይተኸው የለ? እህል አልበላ ብሎታል። አንተ ሚዜዋ ነህ፣ አንድ ነገር አድርግ።»

እኔ ምን ላደርግ? አንድ ነገር ያደረገው ታከለ ነው። የሱቁ ጌታ ጨርቅ መርጦ እንዲመጣ ወደ አስመራ ሊልከው ሲነሣ፣ «ሚስቴን ይዣት እሄዳለሁ» አለ። አባቴ ተቆጡ። ሙሽራ ይዞ አገር ማየት የት የተሰማ ነው አሉ። ታከለ ግን ከጭነት ሾፌሮች አንድ ወሬ ሰምቶ ነበር፤ አስመራ ላይ ወደ ማታ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው በእግራቸው ይንሸራሸራሉ የሚል። በእኛ ከተማ ሚስት ከባሏ ኋላ ነበር የምትሄደው። ያች ወሬ ከልቡ ገባች። አንድ ማታ ጎኔ ሆና ብትሄድ ትናገረኛለች ብሎ አሰበ መሰለኝ። ይህን በቃሉ አልነገረኝም።

ከዚያ የልብስ ነገር መጣ። ታከለ አስመራን የሚያህል ከተማ በተራ ልብስ አይገባም ብሎ ቆረጠ። ከቅዳሜ ገበያ ጣልያን ትቶት የሄደ የሱፍ ካፖርት ገዛ፤ ከባድ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ እስከ ቅልጥሙ የሚደርስ። ሲለብሰው በር ሙሉ ይሆናል። እናቴ በበኩሏ ለብርቄ ጥቁሩን የከፋይ ካባ አለበሰቻትና አስጠነቀቀቻት፦

«እስከ ምላሽ ድረስ ከትከሻሽ እንዳታወርጂው። መንገዱ ሁሉ ያንቺ ዘመድ ነው፤ ሙሽራችንን ገፈው እንደ ገረድ ያዞሯታል እንዳይሉን።»

ብርቄ ራሷን በእሽታ ነቀነቀች።

በጭነት ማኪና ነበር የሄድን። ሾፌሩ አያ ደምሴ የሚባል፣ አስመራን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ታከለን ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«ምነው፣ ልትዘምት ነው?» አለው። «አስመራ እኮ ሰው በሸሚዝ ነው፤ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ይዞራል። ሙሽራዪቱንስ ለታቦት ነው እንዴ የምትወስዷት?»

«አንተ መሪህን ያዝ» አለው ታከለ።

ጋቢናው ጠባብ ነው። ከሾፌሩ ቀጥሎ ታከለ፣ ከዚያ እኔ፣ በመስኮቱ በኩል ብርቄ። በሁለቱ መካከል የተቀመጥሁት ልክ ነው ተብሎ ነው፤ ሚዜ ነኛ። ደባርቅ ስንደርስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ትንፋሻችን መስተዋቱን አለበሰው። እዚያ ላይ ካፖርቱም ካባውም ሸጋ ነበሩ።

«ምትኩ፣ በርዷታል ወይ በላት» አለ ታከለ።

ጠየቅኋት። ወደ መስኮቱ እንደ ዞረች፣

«አልበረደኝም በለው» አለች።

ታከለ ይህችን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠራት። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ፈገግ አለ። እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ቆሎ አወጣና «ብይ በላት» አለኝ። «ጠግቤያለሁ በለው» አለች። ነጠላዋ ውስጥ ግን ስትቆረጥመው እሰማ ነበር፤ ለእሱ አልነገርሁበትም።

ሊማሊሞን መውረድ ጀመርን። ያን መንገድ ያየ ያውቀዋል፤ ማኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ሰማዩ ከእግር በታች ይመጣል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩ እየሞቀ ሄደ። መጀመሪያ መስተዋቱን አወረድን። ቀጥሎ እኔ ሹራቤን አወለቅሁ። ዛሪማ ስንደርስ ማኪናው ውኃው ፈልቶ መጨስ ጀመረ፣ አያ ደምሴም «እስኪበርድ ውረዱ» አለን።

የገበያ ቀን ነበር። ሸንኮራ የተሸከሙ አህዮች፣ ክምር ሎሚ፣ የፍየል ድምፅ፣ አቧራ። ሰው ሁሉ ስስ ልብስ ነው የለበሰው። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ እኔ አሁንም በመካከል። ካባው ከፀሐዩ ጋር ተባብሮ ብርቄን ያነዳታል፤ የነጠላዋ ጫፍ በላብ ርሷል። ታከለም ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«ምትኩ፣ ካባውን ታውልቀው በላት። እዚህ ማን ያውቃታል?»

«እናቱ አታውልቂ ብለውኛል በለው። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያስ እኔም አላወልቅም በላት። በእኛ ቤት ወግ እሷ እየነደደች፣ እኔ በሸሚዝ ተቀምጬ አላያትም።»

«ኧረ ሁለታችሁም ትሰማላችሁ!» አልሁ። «እኔን ምን አቀባባይ አደረጋችሁኝ?»

አያ ደምሴ ከማኪናው አፍ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ሁለት ግመል ጭኜ መጥቻለሁ፤ አንዳቸውም አይራገፉም!»

ብርቄ ነጠላዋን በጥቂቱ ገለጥ አድርጋ ወደ እሱ ስታይ አየኋት። ቀልዱን የተናገረ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ነው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ሎሚ የምትሸጥ ሴት አየችውና፣ «በዛሪማ ሙቀት ካፖርት! ይህ ሰው አሞታል እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ታከለ ሊነሣ ሲል ተንገዳገደ።

ያን ጊዜ ነው ብርቄ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ጨርሳ የጣለችው። በእኔ ላይ ተሻግራ የካፖርቱን እጅጌ ያዘችው።

«ምነው አንተ! አውልቀው እንጂ! ልትሞት ነው?»

ታከለ ተመልሶ ተቀመጠና አያት፤ ከሠርጉ ወዲህ ዓይኗን ገና ያን ጊዜ ማየቱ ነው።

«መጀመሪያ አንቺ» አላት።

ካባውን ፈታችው። አጠፈችውና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ታከለ ካፖርቱን አወለቀና ከካባው ላይ ጫነው። ሁለቱ ቀለላቸው፤ ከሥሩ እየነደድሁ የቀረሁት እኔ ነኝ። የካፖርቱ ገበር ቀለሙን ለቆ ነጭ ሸሚዙን እንደ ጎመን አረንጓዴ አድርጎት ነበር። ብርቄ ይህን ስታይ በእጇ አፏን ያዘች፤ አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሎሚ ሻጯ ሎሚ ቆርጣ ሰጠችን። ብርቄም በታከለ ፊት ሳትደበቅ በላች።

ታከለ አስመራ የደረሰው በተውሶ ሸሚዝ ነው፤ በእኔ የተማሪ ሸሚዝ። እጅጌው ስላጠረው ጠቀለለው። እሷ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ካባውና ካፖርቱ ካደርንበት ቤት ጥግ ተጥለው ሰነበቱ። ወደ ማታ ባለ ዘንባባው መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። እኔ ማኪያቶ ይዤ ከሩቅ ሳያቸው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ዞሮ ያያቸው አልነበረም። ታከለ ሲመለስ «ማንም አላየንም እኮ!» አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ለምላሽ ስትሄድ ካባዋን እንደ ወጉ ለበሰች። እናቴ ልቧ እንደ ተሰቀለ ቀረች። የአባቷ ቤት ሰው ሞልቶበታል፤ ድግሱ ሲያበቃ ሁሉም ብርቄን ያያል፤ ትነሣለች፣ አትነሣም? እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና አንገቷን ደፋች። ታከለ ከጎኔ ሆኖ የሸሚዙን እጅጌ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣

«ምትኩ፣ መሽቷል፣ እንሂድ በለው» አለች። በነጠላዋ ውስጥ ዓይኗ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በእኔ በኩል መነጋገር የቤታቸው ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ሲኳረፉም፣ ሲዋደዱም። ወጡ ጨው አነሰው በላት። ካነሰው ራሱ ይጨምርበት በለው።

ታከለን የቀበርነው በሞተበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በማግሥቱ ጧት ወደ ድንኳኑ ስመጣ ብርቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ልብስ፣ በላዩ ጥቁር ሻል፣ በሻሉ ላይ ወፍራም ጋቢ። አላለቀሰችም። አልተናገረችም። ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ረፋዱ ላይ ሸራው ጋለ፤ ሴቶቹ «ጋቢውን እናውርድልሽ» ሲሏት ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው። ሕሊና ወደ እኔ መጥታ «አባባ ምትኩ፣ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። እናቴ ጓሮ ላይ ያለችኝ ቃል ነው። ልጅቱ ይህን አታውቅም።

ወደ ቤት ገባሁ። ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ሳብሁ። የታከለን ካፖርት ብል በልቶታል፣ ግን አለ። ለበስሁት፤ እኔ ከወንድሜ አጭር ስለሆንሁ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ወጥቼ ከብርቄ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለቀስተኛው አየኝ። አንድ ሽማግሌ «ሐዘኑ አናወጠው» ሲል ሰማሁ። ላቤ ይወርድ ጀመር። እኔም ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር።

ብርቄ ቀስ ብላ ቀና አለች። እኔን አላየችም፤ ካፖርቱን አየችው። እጅጌውን በጣቶቿ ያዘች።

«ምትኩ» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ያውልቀው በለው። ሞቆታል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳቀባብል ሁለቱም ይሰሙ ነበር። አሁን አንደኛው የለም። መልሱን ግን አውቀዋለሁ።

«መጀመሪያ አንቺ ይላል» አልኋት።

ጋቢውን ለቀቀችው። ከትከሻዋ አወረደችና አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ካፖርቱን አውልቄ ከጋቢው ላይ ደረብሁት፤ ሁለቱንም ታቅፌ ተቀመጥሁ።