ነገ ሥራ አላት

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ቴሌቪዥን ትከፍት ነበር። የምትወደው የድሮውን ጥቁርና ነጭ የሆሊዉድ ፊልም ነው፤ ያውም ዋናዋ ሴት ጋዜጠኛ ወይም የመሥሪያ ቤት አለቃ ሆና ወንዶቹን በምላሷ የምታንበረክክበትን። እንግሊዝኛው ቢፈጥንባትም ከእኔ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ያለችው ጠባብ አፓርታማችን በሳቋ ትሞላለች።

ግን አንዱንም ፊልም እስከ መጨረሻው አሳይታኝ አታውቅም። ሰውየው ቀለበት ይዞ ሲመጣና ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር፣ ሪሞቱን አንስታ ታጠፋዋለች።

“እትዬ፣ ሊያልቅ እኮ ነው” እላታለሁ።

“ነገ ሥራ አላት። እንተዋት፣ ትረፍ።”

ይህን ብላ ለሰኞ ሺፍቷ ዩኒፎርሟን ልትተኩስ ትነሳለች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ባለው እሑድ አንዱን ፊልም ብቻዬን ከፈትኩት። ቀለበቱ ሲመጣ ሪሞቱ እሷ በምትቀመጥበት በኩል፣ ሶፋው ጥግ ላይ ነበር፤ እጄ ወደዚያ አልሄድ አለኝ። የሚያጠፋው ስላልነበረ ፊልሙ ቀጠለ። ሴትዮዋ ሥራዋን ለቃ ዕቃዋን ከጠረጴዛዋ ሰበሰበች፣ ባርኔጣዋን አደረገች፣ የቢሮዋን መብራት አጥፍታ ሰውየውን ተከትላ ወጣች። ባዶ ወንበሯ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ታየ።

ወደ ሶፋው ጥግ ዞሬ፣ “እትዬ፣ ሄደች እኮ” አልኩ።