ያላከራየሁት የመጨረሻ ዲስክ

በስደት በምኖርባት አውሮራ ከተማ በነበረችኝ ሱቅ ስለ አንዲት ንግሥት የሚተርክ የህንድ ተከታታይ ድራማ በዲስክ አከራይ ነበር። ዲስክ የሚመልስ ሁሉ አስተያየቱንም ይዞ ይመጣል። ታክሲ ነጂዎቹ «ትዕቢተኛ ናት» ይላሉ፤ ነርሶቹ «ወንድ ብትሆን ጀግና ትሏት ነበር» ብለው ያፋጥጧቸዋል። እኔ ከሁሉም ጋር እስማማለሁ፤ ደንበኞች ናቸዋ።

አንዲት እናት ግን ቋንቋውን ስለማያውቁ የንግሥቲቱን ፊት ብቻ ነበር የሚያዩት። «ደርግ የወሰደብኝን ልጄን ትመስላለች» አሉኝ አንድ ቀን። ንግሥቲቱ መጨረሻ ላይ እንደምትሞት አውቃለሁ። «የመጨረሻው ዲስክ አልመጣም፣ እማማ» አልኩና ደበቅኩት። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይጠይቁኛል፤ እዋሻለሁ።

አንድ እሑድ ዓይኔን ትኩር ብለው አዩና «ተወው ልጄ፤ የልጄንም መጨረሻ አላሳዩኝም» አሉኝ።

ሱቁን ከነዕቃው ሸጬዋለሁ። ያ ዲስክ ግን ዛሬም ቤቴ አለ፤ ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ።