ባለ አንድ ዓይኑ ጀግና

በወረቀት ላይ የተሣለ ጀግና መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ብርሃን ምሽግ ውስጥ፣ ለጣሊያኖች ልብስ ሳጥብ ነው። የምሽጉ ሹም እናት ባለ ሥዕል ጋዜጣ ከአገሯ ትልክለት ነበር፤ ገጹ ሁሉ ሥዕል፣ ከሰዎቹ አፍ ጽሕፈት ይወጣል። የሹሙ አስተርጓሚ፣ የአገሬ ሰው፣ «አዲስ የወጣ ታሪክ ነው፣ በየሳምንቱ ይቀጥላል» አለኝ። ጀግናው ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ገላው ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሶ ጥቁር ሰዎችን በቡጢ ይዘርራል።

«ወይ ጉድ! ፊቱን የሚሸፍን ጀግና የት አገር ነው ያለው?» አልኩት። የእኛ ሰው ሲገድል የአባቱን ስም ጠርቶ ይፎክራል፤ ፊቱን የሚሸፍን ሌባ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ጡንቻ ጭረት እንኳ የለበትም። ሳይቆስል የሚያሸንፍ ምኑ ጀግና ነው? አስተርጓሚው ግራ ቀኙን አይቶ ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ለአርበኞች ጥይት ሲያቀብል ደብረ ሲና ላይ ተይዞ መጣ። ሊሰቅሉት ነው ተባለ። አባቴ አንኮበር የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ሹሙ ይህን ሲሰማ አስጠራቸውና «ይህን ጀግና በመጠጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ልክ እንደ ወረቀቱ ሣልልኝ፤ ልጅህን እለቅልሃለሁ» አላቸው።

አባቴ ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና ፊታቸው በራ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሃዲ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው። ወረቀቱ ላይ ጀግናው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ የሚደበደቡት ጥቁሮች ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው።

«ይኼን የሣለው ጣሊያን እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ በስውር ነግሮናል» አሉኝ።

«አባባ፣ በሥላሴ! ትርጉሙን ከሰሙ ይሰቅሉታል፤ ለልጅዎ ሲሉ ሁለት ዓይን ይስጡት» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እንደ ወረቀቱ ሣል ብሎኛል። ለገዳይ ሁለት ዓይን ከምሰጥ እጄ ይቆረጥ!» ብለው ሣሉት።

ሹሙ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ደስ አለው፤ ልጁን ነገ እለቀዋለሁ አለ። ምን ያደርጋል! በማግስቱ እንጨት የምታቀርብ አሮጊት ገብታ የጀግናው ፊት ላይ እንትፍ አለችበት፤ ከሥሩ የወደቀውን ጥቁር ሰው ግን ተሳልማ አለፈች። ሹሙ ምን ማለቷ ነው ብሎ ጠየቀ። ያ ከእኔ ጋር ሲስቅ የነበረ አስተርጓሚ፣ ምላሱ ይቆረጥና፣ ሁሉን ዘረገፈለት።

አሮጊቷን በርግጫ አስወጧት። አባቴን ግድግዳው ሥር አስተኝተው ጀርባቸው እስኪተለተል በጅራፍ ገረፏቸው፤ ደሙ ቀለም ዕቃው ውስጥ ተፈናጠረ። ከዚያ ወንድሜን አንገቱ ላይ ገመድ አስገብተው ጎትተው አመጡትና «ለጀግናው ሁለት ዓይን፣ ለጥቁሩ አንድ! አለዚያ አሁኑኑ ይሰቀላል» አሉ።

አባቴ የልጃቸውን አንገት አዩ። እየዳኹ ሄደው ብሩሹን አነሱ። ገዳዩን ወደ እኛ አዞሩት፤ ሁለት ዓይን ሰጡት። የተገዳዩን አንድ ዓይን በጥቁር ቀለም ደፈኑት። ሲጨርሱ እዚያው ተዘረሩ።

ወንድሜን ለቀቁት። ግድግዳውን አየ፣ አባቴን አየ። «ብሰቀል ይሻለኝ ነበር! እንዴት የሰይጣን ሰዓሊ ይሆናሉ?» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

ታላቄ ነው፤ «ወንድም ጋሼ» ብዬ ነው የምጠራው። ቀና ብዬ እንኳ መልሼለት አላውቅም። ያን ቀን ግን ጣሊያኖቹ እያዩ ባለኝ ኃይል በጥፊ አጮልኩት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደገምኩት።

«አንተማ አንዴ ሞተህ ታርፍ ነበር! እኝህ ሽማግሌ ግን ነፍሳቸውን ላንተ ሲሉ ሸጠው እየኖሩ ነው! ተሸከማቸው!»

አጎንብሶ አዘላቸው። አንኮበር እስክንገባ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ አባቴንም ለማንም አላሸከመም።