የሲስተር ቴርሞሜትር መዳፍ

በሱስ ሕክምና ክሊኒኩ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራችውን ነርስ ታካሚዎቿ «ሲስተር ቴርሞሜትር» ይሏታል። ስሙን ያተረፈላት መዳፏ ነው። ታካሚው ከመጸዳጃ ቤት የሽንት ናሙናውን ይዞ ሲወጣ ኩባያውን ተቀብላ በእጇ እቅፍ ታደርገዋለች። ከሞቀ የራሱ ነው። ከቀዘቀዘ ግን ከዕፅ ንጹሕ ከሆነ ሰው ለምኖ በኪሱ ሸሽጎ ያመጣው ነው። «ይሄ ያንተ አይደለም፤ ለባለቤቱ ሰላምታ አድርስልኝ» ብላ ትመልስለታለች። አንዱ በብብቱ አሙቆ ሊያታልላት ሲል ክዳኑ ተከፍቶበት፣ ሸሚዙን እያራገፈ ወደ ቤቱ ሄዷል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የዕለት ጸሎቷ ነው ማለት ይቻላል።

ወጣቱ ዶክተር ለሁለት ዓመት የምርምር ስልጠና ሲመጣም የተቀበለችው በዚሁ ዓይን ነው። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ተመርቋል፤ አሁን ደግሞ ስለ ሱስ እየተመራመረ ሊሰለጥን ነው ተባለ።

«ምኑን ነው የሚመራመረው?» አለች ለጽዳት ሠራተኛዋ። «ሱስ እንደሆነ በየጠዋቱ በራችን ላይ ተሰልፎ ይጠብቀናል።»

«ተይው እንግዲህ፣ ልጁ ጨዋ ነው» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

«ጨዋስ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ነው ያላማረኝ።»

የሚያስጠረጥር ነገር አላጣችም። መሳቢያውን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥቁር ቦርሳ ይዞ ውልቅ ይላል፤ ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሷል። አንድ ቀን በስልክ «ማንም አያውቅም፣ በኔ ይሁንብህ» ሲል ጆሮዋ ጥልቅ አለ። ለታካሚዎች የሱሳቸው ማስታገሻ ሆኖ የሚታደለውን ሽሮፕ እየሰረቀ ውጭ ይሸጣል ብላ ደመደመች። ከዚያ በኋላ በየማታው ጠርሙሶቹ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረገች ወደ ቤቷ ትሄድ ጀመር። ጠዋት ስታይ ጠብታ አልጎደለም። ይሄ ደግሞ ይባስ አስጠረጠራት። እንዲህ አድርጎ የሚሰርቅ ሌባ ተራ ሌባ አይደለም!

ነገሩን የቆረጠው ግን ዶሴው ነው። ዶክተሩ ሕክምናቸውን አቋርጠው የጠፉ ሰዎችን አሮጌ ዶሴዎች ከመዝገብ ቤት ሲያስወጣ፣ ከክምሩ መካከል የታናሽ ወንድሟን አየች።

ወንድሟ እዚሁ ታካሚ ነበር። እሷም በዘመድ አዳላች እንዳትባል ሁልጊዜ ወረፋውን መጨረሻ ታደርገው ነበር፤ በዚህም ትኮራለች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ኩባያውን ስትቀበለው እንደ ውሃ ቀዝቅዟል። በሰው ፊት «ያንተ አይደለም» አለችው። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ወጣ። ያኔ እንደወጣ ነው፤ ይሙት ይዳን አታውቅም። እናታቸው ስልክ በጮኸ ቁጥር «እሱ ነው?» ትላለች። ነርሷ ግን ስታለቅስም ቢሆን አንድ ነገር አትለቅም ነበር፤ «እጄ አይዋሽም።»

የዚያን ልጅ ዶሴ ሌባ ሲያገላብጠው ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም። ለኃላፊው የክስ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ከተነበበ የወጣቱ ስልጠና እዚያው ያበቃል። አጣጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ሐሙስ ጠዋት ወደ ሳምንታዊው ስብሰባ ገባች።

ያን ቀን ጥናቱን የሚያቀርበው ራሱ ወጣቱ ዶክተር ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ሕክምና ያቋረጡ ሰዎች ለምን አቋረጡ? ከጠፉት መካከል አርባ አንዱን በየግንባታ ቦታውና በየጋራዡ ፈልጎ አግኝቷል፤ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ሲያርፉ። ስማቸውን እንደማይገልጽ ቃል ስለገባላቸው መልሶቻቸውን በቁጥር ብቻ እየጠራ አነበበ። ነርሷ ጥቁሩን ቦርሳ፣ አቧራውን፣ የመሳቢያውን ቁልፍ አንድ በአንድ አሰበች። ደብዳቤው ኪሷ ውስጥ ከበዳት።

«ቁጥር ሠላሳ አንድ» አለ ዶክተሩ። «‹ያን ቀን ንጹሕ ነበርኩ። ዘጠና ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ኩባያዬን ይዤ ስወጣ እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ ሌሎቹ ይቅደሙ ተባልኩ። ብርድ ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ቀዘቀዘ። ያንተ አይደለም ተባልኩ። ሌላ ሰው ቢለኝ እከራከር ነበር።›»

ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ማስታወሻ ያዙ፤ ኃላፊው «የሚገርም ነው» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። እሷ ደነገጠች፣ አፈረች፣ እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ስብሰባው ሲበተን ኮሪደር ላይ ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር ማነው?»

«ሲስተር፣ እሱን አይጠይቁኝ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ስሙን አልጠየቅኩህም። በሕይወት አለ?»

ዶክተሩ ግራ ቀኙን አየ። ፊቷን ሲያይ የገባው ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«ሲስተር» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሞተ ሰው ለመጠይቅ መልስ አይሰጥም።»

እጇን ኪሷ ከትታ ያገኘችውን ብቸኛ ወረቀት አወጣች፤ የክሱን ደብዳቤ። ያልተጻፈበትን ግርጌውን ቀደደችና እንዲህ ብላ ጻፈችበት፤ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ና፣ ከሁሉም አንተ ትቀድማለህ።»

«ለማን እንደሆነ አልነግርህም» አለችው። «አንተም አትንገረኝ።»

«አደርሳለሁ ብዬ ቃል ልሰጥዎት አልችልም» አለ ዶክተሩ። ቁራጯን ወረቀት ግን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

ያን ቀን ዶክተሩ ስድስት ሰዓት እስኪሆን አልጠበቀም። አምስት ተኩል ላይ ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ በፍጥነት ወጣ። ነርሷ ኩባያው ቀዝቅዞበት በነበረው መስኮት አጠገብ ቆማ፣ መንገዱን ተሻግሮ እስኪሰወር በዓይኗ ሸኘችው። የት እንደሚሄድ ጠረጠረች። ጥርጣሬዋ እውነት እንዲሆን ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ተመኝታ አታውቅም።