ያለ ሰዓቱ የተደወለው ደወል

ሥራዬ ባሕር ዳር ተቀምጬ ሰማይን መሰለል ነው። የጂፒኤስ ምልክት ከሳተላይት ሲወርድ፣ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ባሸከመችው የላይኛው አየር ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚገጥመው እመዘግባለሁ። በእኛ ሰማይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያ አየር እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ምልክቱም ይርገበገባል። ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይበርዳል። እኔም ይህችን ይዤ ነበር የምፎክረው።

ታላቅ ወንድሜ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳል። ጂፒኤስ ገዝቼ የሰጠሁት፣ "ነፋሱን በጉንጭህ እየለካህ እስከ መቼ?" ብዬ ያሾፍሁበትም እኔው ነኝ።

ያን ቀን የፀሐይ ማዕበል የምድርን ማግኔት አናውጦት ነበር፤ አውቄያለሁ። ግን ምሽቱን ስክሪኔ ላይ የምልክቱ መስመር ቀጥ ብሎ አመሸ። እሰይ አልሁ። አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ ከአንዲት የጣና ደሴት ደወለ፤ አባታችን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያገለግሉት።

"አባባ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ከተማው መብራት ጠፍቶ ዳሩ አይታይም። መሣሪያህን አምኜ ላምጣቸው?"

"ሰማዩ ሰላም ነው፤ ና!" አልሁት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ ማዕበሉ የምሽቱን ፍላት አፍኖ ለሌሊት አቆይቶት ኖሯል! ስልኬን አነሣሁ። ብደውል ሐይቁ ላይ ኔትወርክ የለም። ቋጥኝ አለ፣ ጉማሬ አለ። አባቴን በገዛ አፌ ገደልኋቸው አልሁ።

ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሮጬ ዘበኛውን ቀሰቀስሁ።

"አባቴ፣ በእመቤቴ፣ ደወሉን ይደውሉልኝ! ጀልባ ጠፍቶብኛል!"

ዘበኛው ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። "ያለ ሰዓቱ? ሰው መዓት ወረደ ብሎ ይወጣል እኮ።"

"መዓትማ ወርዷል!"

ደወሉት። ሰው ዱላና ባትሪ እየያዘ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ዳሩ ላይ ቆሜ ጨለማውን አዳምጣለሁ። ስንት ጊዜ እንደ ደወሉ አላውቅም፤ ከዳሩ የደንገል ሣር ማዶ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

አባቴን ተሸክመን ስናወጣቸው ዓይናቸውን ገለጡ። "ደወሉ ለእኔ መስሎኝ አቡነ ዘበሰማያቴን ጨርሼ ነበር" አሉ።

ወንድሜ መሣሪያውን መዳፌ ላይ አኖረው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለው ቋጥኝ ሊያስገባው ነበር፤ ደወሉን ሲሰማ አጥፍቶት ድምፁን ተከትሎ መጣ።

"አሁንስ? ሰላም ነው?" አለኝ።

አንጋጥጬ አየሁ። "አላውቅም።"

"አዬ! ቀድሞ እንዲህ ብትለኝ ነፋሴን ይዤ እመጣ ነበር።"