ፋጉሎውን ያሸተቱት ሐጂ

ዛሬ ረፋድ ላይ ቆሮሶ ዓሣዎቼ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ ደረስሁ። ኩሬው ሙሉ!

የቆላዋን ሽንፋ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ውሃው ራሱ የሻይ ያህል ሞቋል።

እኔ ደግሞ "ስብ ካላቸው ሙቀቱን ይችሉታል" ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ዘይቱ ያልተሟጠጠ የሰሊጥ ፋጉሎ ሳበላቸው ሰነበትሁ። በሬ ስታደልብ የኖረች ሴት ዓሣ ስታረባ እንዲህ ናት።

ፓምፑን አስነስቼ ንጹሕ ውሃ ስለቅ ሰሊጥ ነጋዴው ጎረቤቴ ሐጂ መጡ። ዓሣውን እንኳ አላዩም። ከጆንያው ፋጉሎ ዘገኑና፣ ሰሊጥ ሲገዙ እንደሚያደርጉት፣ በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት።

"በዚህ ዘይት ወጥ ትሠሪያለሽ?"

"ኧረ ሐጂ! ከርፍቷል እኮ።"

"ታዲያ ሙቀት ያደከመው ሆድ የተበላሸ ዘይት ይችላል?"

ጆንያው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲጋገር ነው የከረመው። ሽታውንማ አውቀው ነበር። "ለዓሣ ምን ይለዋል" ብዬ ነው።

መኖውን አቁሜያለሁ። ፓምፑ አሁንም እየሠራ ነው፤ እነሱም አሁንም አየር እየጎረሱ ነው።

"ለእንስሳ ምን ይለዋል" ብላችሁ የሰጣችሁት፣ በኋላም የቆጫችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ። ከኩሬው ዳር ሆኜ አነበዋለሁ፤ ትቻቸው መነሳት አልቻልሁም።