የደምሌ ቁልቋል በካርቱም

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ ግን ከባሕር ዳር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰዓት እላፊ እያለ ማን በሌሊት ይንቀሳቀሳል? እናቴ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ቆማ የወተት ዱቄት ጣሳ አስታቀፈችኝ። ጣሳው ውስጥ የወንድሜ የደምሌ ቁልቋል ነበር። «ቁልቋል ለአጥር እንጂ ለቤት ይሆናል?» እያለች ስትጨቃጨቀው የኖረችው እሷው ናት።

«ስታገኚው ስጪው» አለችኝ።

ደምሌን የማገኝበት አገር እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ከታሰረ ጀምሮ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበለኝ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ ማለት ተገድሏል ማለት ነው። ጣና ዳር ተቀምጬ ምግቡን ራሴ በልቼ ጨረስሁት፤ ምሳ ዕቃው ሙሉውን ቢመለስ እናቴ ታውቃለቻ! ቤት ስገባ ግን ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ።

«አምልጦ ሱዳን ገባ» አልኋት።

እልል ልትል ስትል አፏን ያዝሁ። በማግሥቱ «በይ አንችንም ሳይወስዱብኝ ተከተይው» ብላ አስነሣችኝ። የተሰደድሁት በገዛ ውሸቴ ነው።

መተማን በእግሬ ተሻግሬ ገዳሪፍ ስደርስ የስደተኛ መዝጋቢው ጣሳውን አየና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው?»

«ቁልቋል።»

«እኛ አገር እሾህ የጠፋ መሰለሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከገዳሪፍ ቀጥዬ የገባሁባት የካርቱም ሙቀት የባሕር ዳርን የመጋቢት ፀሐይ ያስመሰግናል። ዓሣውም የጣናን አያህልም። ግን ዓባይ አለ፤ ከጣና የወጣው ውኃ እዚህም ያልፋል። ያገሩን ውኃ ይጠጣ ብዬ በየጠዋቱ እየቀዳሁ ቁልቋሉን አጠጣሁት። ደምሌ በወር አንዴ ብቻ ያጠጣው እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም፤ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። ማር ሲበዛ ይመራል። አንድ ቀን ስነካው ለሰለሰብኝ፤ ከግርጌው ቡናማ ውኃ ወጣና ሸተተ።

ለቅሶዬን ሰምተው አከራዬ ሐጃ ዘይነብ መጡ።

«ሰው ሞተባት ብዬ ስሮጥ፣ ለእሾህ ታለቅሻለሽ?» አሉኝ። ጣሳውን ገለበጡት። «ቀዳዳ እንኳ የለውም! አሰመጥሽው እኮ። ቢላ አምጪና ንጹሑ እስኪታይ ቁረጪ።»

ቆረጥሁ፤ መሐሉ ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ደግሜ ቆረጥሁ፤ አሁንም አለ። ደምሌን ምን እንዳደረጉት አላውቅም፤ የማላውቀው ሁሉ ግን በዚያች ቢላ መጣብኝ።

«ይቅርብኝ» አልሁ።

«ከተውሽው ሁሉም ይሄዳል» አሉ ሐጃ።

ጣት የምታህል ጫፍ ስትቀር ንጹሑ ታየ። ቁስሏ ላይ አመድ ነስንሰን፣ ያለ አፈርና ያለ ውኃ ጥላ ውስጥ አስቀመጥናት። ቁስሏ ሲደርቅ፣ የጣሳውን ቂጥ በምስማር በስተን፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ተከልናት። ብዙ ሳምንት ዝም አለች። በመጨረሻ ቀስ ብዬ ሳብ ባደርጋት አልነቀል አለች፤ ሥር ይዛለች።

በሰው እጅ በላክሁት ደብዳቤ እናቴን ባሕር ዳር ቴሌ ቀጥሬያት ነበር፤ በስልክ ስሙን እንዳትጠራም አስጠንቅቄያታለሁ። ቀኑ ደርሶ ደወልሁ።

«ዕቃውን ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት፣ እናዬ። ሥር ይዟል።»

«እሰይ! እሱስ፣ አጠገብሽ ነው? እስቲ ስጭልኝ፣ ድምጡን ልስማው።»

ዝም ስል፣ እናቴ ስልኩን ለእሱ ያቀበልሁት መሰላት።

«ደምሌ?» አለች፤ ማስጠንቀቂያዬን ረስታው። «ደምሌ፣ ልጄ?»

እስከ ዛሬ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ትላለች። የዘጋሁት እኔ ነኝ።